የሰባት በለስ ፈንጣጣ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፷፪፣ ፈረንሳዮች በአልጄሪያ ያሉትን የቃባይል ተራሮች በያዙ በአምስተኛው ዓመት፣ በለስ በጣሪያ ላይ በሚሰጣበት ወራት፣ ፈንጣጣ ከወንዝ ማዶ ባለው መንደር ገብቶ አራት ልጆች ቀበረ።

ደህቢያ መቀመጫ አጣች። አርባ ዓመት ሙሉ ለመንደሩ ልጆች ፈንጣጣ ስታስገዛ የኖረች ሴት ናት፤ ጤነኛው ልጅ ሰባት ደረቅ በለስ ይዞ ወደ ታማሚው ቤት ይሄዳል፤ የታማሚው እናት በለሱን በልታ «ሸጥኩልህ» ትለዋለች፤ ደህቢያም የቁስሉን መግል በምላጭ ከአውራ ጣቱ ሥር ታኖርለታለች። በዚህ ቀላሉን ታመው ከከባዱ የዳኑ ብዙ ናቸው፤ የገዛ ልጇ አክሊ ግን በዚያው ምላጭ ሞቷል። አሁን ያለቻት የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጇ ጁሄር ብቻ ናት፤ ለእሷ ምላጩን ባነሳች ቁጥር መልሳ ታስቀምጠዋለች።

በዚያው ሰሞን ፈረንሳዊው ሐኪም ብረሞን በፈረስ መጣ። የወረዳው ሹም ቃይድ አርዝቂ፣ በአሮጌው ልማድ የሚከትብ እንደሚታሰር፣ ሐኪሙ የያዘው አዲሱ ክትባት፣ የላም ፈንጣጣ፣ ግን በነጻ እንደሚሰጥ አወጁ። ነገሩን ያበላሸው ይኸው «በነጻ» ነው። ነጻ ነገር መዘዝ አያጣም፤ ያልተገዛ ፈንጣጣ ደግሞ ከልጅ ገላ ላይ አይጸናም። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ደህቢያ ግን ጁሄርንና ሰባት በለስ ይዛ ቀረበች፤ ሐኪሙም ከድኻ አልቀበልም ብሎ በእጁ መለሰው።

«ስጦታ መስሎት ነው፣ እማማ» አሏት ቃይዱ።

«ዋጋ ነው በሉልኝ። ካልሸጠልኝ ምን ዋጋ አለው?»

ቃይዱ ተረጎሙ፤ ሐኪሙ ሳቀ። ደህቢያ ተቆጥታ ልጅቷን እየጎተተች ተመለሰች።

በቀትር ፈንጣጣው ወንዙን መሻገሩ ተሰማ፤ ሐኪሙም የሚከተብ አጥቶ ሊሄድ ፈረሱን ይጭን ነበር። ደህቢያ ራሷን ረገመች፤ በእልኬ ልጅቷን ልገድላት ነው ብላ ልጅቷንና በለሱን ይዛ ሮጠች። ከጠዋት ጀምሮ ሐኪሙን እህል ያቀመሰው ቤት እንደሌለ ታውቃለች። ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ እንግዳ ጦሙን አይሸኝም» አለችው በቃይዱ አፍ።

ሐኪሙ አፍሮ አንድ ቀመሰ፤ ከዚያም ረኃቡ አሸነፈው። ሴቶቹ ከየጣሪያው ያያሉ፤ ደህቢያ በሆዷ ትቆጥራለች። ሰባተኛውን ሲውጥ የጁሄርን እጅጌ ሰብስባ ወደ ጣሪያዎቹ ዞረች።

«በላ። ሸጠልኝ።»

እስኪመሽ ሠላሳ አንድ ልጆች ተከተቡ፤ ሐኪሙም የየቤቱን በለስ ሲበላ ውሎ ሆዱን ይዞ አደረ።

ለአለቆቹ የላከው ደብዳቤ ሕዝቡ በትምህርቱ አምኖ እንደመጣ ይናገራል፤ በለስ የሚል ቃል የለበትም። የደህቢያን ምላጭ በማግስቱ ቃይዱ ወሰዱት፤ የአርባ ዓመት ሥራዋም አብሮ ሄደ፤ ማንም አልጻፈውም። ጁሄር ግን አርጅታ፣ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ያዩ የልጅ ልጆቿ ማን እንደከተባት ሲጠይቋት የሐኪሙን ስም አታውቅም ነበር።

«አያቴ ገዛችልኝ» ትላቸዋለች።