ከሞት በኋላ የመታው ልብ

አስከሬኑን ለምርመራ ወስደውታል። በሟቹ ደረት ላይ ተለጥፈው የነበሩት ገመዶች ከአልጋው ራስጌ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ግን የኦቦ ጀቤሳ ልብ በደቂቃ ሰባ ሁለት ጊዜ ይመታል እንዳለ ነው።

ኢንስፔክተር ዘቢደር አንዴ ገመዶቹን፣ አንዴ ስክሪኑን አየች። በሥራ ዘመኗ ብዙ ውሸታም አጋጥሟታል፤ እንዲህ ዓይን ያወጣ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ክሊኒኩ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የግል ክሊኒክ ነው። ጡረተኛው መምህር ኦቦ ጀቤሳ ቀዶ ሕክምና አድርገው እያገገሙ ነበር። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ በዚያው ቀሩ። ልብ ሲቆም ክሊኒኩን በጩኸት ማናጋት የነበረበት ማንቂያ ድምፁን አላሰማም።

«ያጠፋችው ነርሷ ናት» አሉ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር አሻግሬ፣ ጥያቄ እስኪጀመር እንኳ ሳይታገሡ። «ጩኸቱ ራሴን በጠበጠኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፖሊስ እስኪመጣ ማሽኑን ማንም እንዳይነካ ያዘዝኩትም ለዚህ ነው። ዛሬውኑ ትታሰርልኝ!»

ነርስ ድንቅቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ራሴን በጠበጠኝ ማለቱንስ ብያለሁ፤ ማን የማይል አለ? ግን አልነካሁትም። በበሩ መስታወት ባየሁ ቁጥር ሰባ ሁለት ይላል። ተኝተዋል ብዬ አለፍኩ። እኔ እስር ቤት ከገባሁ ልጄን ማን ያሳድግልኛል?»

«ገብተሽ ለምን አልነካሻቸውም?»

«እንዳትቀሰቅሺው ብላኝ ነበር፣ ልጃቸው።»

ዘቢደር ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ከቁጥሩ በላይ፣ በስክሪኑ ጥግ፣ ትንሽ ምስል አለ፤ ነጭ የለበሱ ዘማሪዎች አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀዋል። ማሽኑ ጎን ላይ ያለው የፍላሽ መሰኪያ ባዶ ነው። ባዶ መሰኪያ፣ የደረቀ መዝሙር። ነገሩ አልዋጥላት አለ።

ስለ ዘማሪዎቹ የነገረቻት የሟች ልጅ ለንሳ ናት። ኦቦ ጀቤሳ የቤተክርስቲያናቸውን መዘምራን ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። በእነሱ ዘንድ አባል ሲታመም መዘምራኑ አልጋው ድረስ ሄደው ይዘምሩለታል። ጠዋት ሁሉም ተሰብስበው ሲመጡ ዶክተሩ በር ላይ መለሷቸው፤ «በፍላሽ አምጡለት፣ ስክሪኑ ላይ ይየው» አሉ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«አየ። ፈገግ አለ። እንቅልፍ ሲወስደው ወደ ቤት ሄድኩ።» ለንሳ ይህን ስትል የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ታሻለች። ጫፉ ተቋጥሯል። ዘቢደር ቋጠሮውን ልብ አለችው።

የመጨረሻው ሰው ኢብሳ ነበር፤ ስክሪኑን ከውስጥ የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፈው መሐንዲስ።

«ስክሪኑ አንድ ነው» አለ። «የሚስሉበት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የልብ ምቱን፣ ሌላው ቪዲዮውን። እንዳይደራረቡ ድራይቨሩ አንድ ቁልፍ አለው። ቁልፉን የያዘ ይስላል፣ ይመልሳል። ሌላው ወረፋ ይጠብቃል።»

«የያዘው ባይመልስስ?»

«ይመልሳል።»

«ባይመልስስ አልኩህ?»

ኢብሳ ዓይኑን ከዘቢደር አሸሸ። ጨዋ ልጅ ነው፤ መዋሸት አልቻለበትም።

ዘቢደር ስክሪኑን ፎቶ አንስታ አራቱንም በክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና እንዲበራ አደረገች፤ ገመዶቹንም ድንቅቱ በእጅጌዋ ሥር እንድትለጥፍላት ጠየቀች። ስክሪኑ የዘቢደርን ልብ ቆጠረ። ሰማንያ አምስት።

«አሁን ገመዱን ንቀይው።»

ማሽኑ ጮኸ። ዶክተሩ ጆሯቸውን ያዙ።

«እንግዲህ ማንቂያው ደህና ነው። መልሰሽ ለጥፊልኝ። ለንሳ፣ ነጠላሽ ላይ የቋጠርሽውን ትሰጪኛለሽ?»

ለንሳ ምንም ሳትጠረጥር ፈታችው። ፍላሽ ነበር። «የቤተክርስቲያን ነው። ለእሁድ መመለስ ስላለበት ነው የያዝኩት።»

መዝሙሩ ተከፈተ። ዘማሪዎቹ መዘመር ጀመሩ። ዘቢደር መሃል ላይ ፍላሹን መዥረጥ አደረገችና ለለንሳ መለሰችላት። ዘማሪዎቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከዚያ ገመዶቹን በገዛ እጇ ከላይዋ ነቀለች።

ዝም። ሰማንያ አምስት።

«ይኸው እኔም ሞቻለሁ» አለች ዘቢደር። «ማሽኑ ግን ደህና ነሽ ይለኛል። ኢብሳ፣ ንገራቸው።»

ኢብሳ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ቪዲዮው ቁልፉን እንደያዘ ፍላሹ ተነቀለ። የቀረውን ምስል ከሌለ ፍላሽ እየጠበቀ ነው፤ ቁልፉን አልመለሰም። የልብ ምቱ ወረፋ ላይ ቆሟል። ማንቂያውም…»

«ማንቂያውም?»

«ማንቂያውንም እዚያው ወረፋ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። መጀመሪያ ይሳል፣ ከዚያ ይጩህ ብዬ። ፍላሹ ከተነቀለ ቁልፉን መልስ የሚል መስመር አልጻፍኩም። መዝሙር ሳያልቅ ይነቀላል ብዬ አላሰብኩም።»

«ድንቅቱ ምንም አላጠፋችም» አለች ዘቢደር። «ያየችው ቁጥር የሞተ ቁጥር ነው። ዶክተር፣ ስክሪኑን ለቪዲዮ የፈቀዱት እርስዎ ነዎት፤ እሱን በቃልዎ ላይ አሰፍራለሁ።»

ዶክተሩ ላባቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ፍላሹን የነቀለው ማነው?»

መልሱን ለመስማት የቸኮለ አልነበረም። ድንቅቱን ነጻ የሚያወጣው እውነት ለንሳን እንደሚሰብራት ዘቢደር ከቋጠሮው ጀምሮ አውቃለች፤ ብታገላብጠው ብታገላብጠው ሌላ መንገድ አላገኘችለትም። የምታስረው ሰው የለም። የምታጽናናበት ቃልም የለም።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አለች ለንሳ በቀስታ። «እንቅልፍ ወሰደው… ድምፁ እንዳይቀሰቅሰው ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ።»

«ባልነቅለው ኖሮ ይጮህ ነበር?»

ኢብሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድንቅቱ ዘቢደርን በልመና አየቻት፤ አይ በያት እንደማለት።

«ይጮህ ነበር» አለች ዘቢደር።

ለንሳ ራሷን ነቀነቀች። ፍላሹን ባዶው አልጋ ላይ አስቀመጠችው።

«ለእሁድ ይፈልጉታል» አለች። «አንዳችሁ አድርሱላቸው።»

ድንቅቱ ሄዳ አቀፈቻት። ፍላሹን የሚያነሳ ግን ጠፋ፤ ከአልጋው በላይ ስክሪኑ ሰማንያ አምስት እንዳለ ነበር።