የካሚላ ጥልፍ

ሙናዊር ልቡ ንጹሕ፣ እግሩ ግን ዘገምተኛ ነበር። መርካቶ ደግሞ ዘገምተኛ አይወድም።

ከካሚላ ጋር የተዋወቁት ሸማ ተራ ባለው የአባቷ ሱቅ፣ የጥልፍ ማሽኑ ኮምፒውተር ተቃጥሎ ሥራ በፈቱ ሰሞን ነው። መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። ሙናዊር የተቃጠለውን ፕሮሰሰር አስመስሎ የሚሠራ፣ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ ሊጽፍ ገባ። ካሚላ ክር እየለየች አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ብዙ አያወሩም። ቀና ባለ ቁጥር ዓይኖቿን ያገኛቸዋል፤ ሁለቱም ያፍራሉ። ማሽኑ ሲነሳ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

ማሽኑ ተነሳ። አባቷ ጋሼ ኢስሀቅ መረቁት። ካሚላ ግን ትልልቆቹ ጥልፎች ላይ ቅጠል እንደሚጎድል አየች።

ጥፋቱ የሙናዊር ነበር። የድሮው ፕሮሰሰር የሌለ የሜሞሪ አድራሻ ሲነካ ይቆማል፤ የጀመረውን ትዕዛዝ እንዳልጀመረው ያደርጋል፤ የቱን አድራሻ እንደነካም ይናገራል። ያኔ የማሽኑ ፕሮግራም የጎደለውን የጥልፍ ክፍል ከማከማቻው አምጥቶ ትዕዛዙን ያስደግማል። የሙናዊር ኢሙሌተር ግን ዝም ብሎ ዜሮ ይሰጥ ነበር። ማሽኑም ባዶውን አምኖ ያልፋል።

«አባዬ ዛሬ ደስ ብሎታል፤ ዛሬ ላክ። ማሽኑን ቀስ ብለህ ታስተካክለዋለህ» አለችው።

«ውሸት ሠርቼ እንዴት ሽማግሌ እልካለሁ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው። አስተካክዬ እልካለሁ።»

ካሚላ ዝም አለች። እሱ ዝምታዋ ስምምነት መሰለው፤ ሞኝ።

ሥራው እንዳሰበው አልቀለለም። ስህተቱ ሲመጣ ትዕዛዙ በግማሽ ተሠርቶ ይገኛል፤ ሲደገም መርፌው ይዘላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕዛዝ አስቀድሞ አድራሻውን እንዲፈትሽ፣ ምንም ነገር የሚለውጠው ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲሆን አድርጎ እንደገና ጻፈው።

በዚህ መሀል ከመሳለሚያ የአንድ ጅምላ ነጋዴ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሼ ኢስሀቅ ሌላ ፈላጊ እንዳለ አያውቁም፤ ካሚላም ሽማግሌ ያልላከ ሰው ስም መጥራት አፈረች። ቃል ተሰጠ። ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል ደግሞ አይታጠፍም።

ሙናዊር ይህን የሰማው ሥራውን ጨርሶ ሊያበስር የመጣ ዕለት ነው።

«እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉት ጋሼ ኢስሀቅ። «እንግዲህ በካሚላ የሠርግ ልብስ ጀምረው።»

ላፕቶፑን ከማሽኑ ጋር አገናኘ። ማሽኑ መስፋት ጀመረ። የሌለው አድራሻ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የጎደለውን አምጥቶ ቀጠለ። ካሚላ ልብሱን አንስታ ቅጠሎቹን በጣቷ ዳሰሰች።

«አንድም አልጎደለም» አላት።

«ያኔ ብትልክ፣ ጎድሎም እለብስልህ ነበር» አለችው። ከዚያ ልብሱን አጣጥፋ ለአባቷ ሰጠቻቸው።