ውሃው ሳይወጣ አታስነሱ

«ትንፋሽ አጠራት» አሉ ሾፌሯ ሲርካ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ድረስ ረግጠው። መኪናዋ ግን በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ አልሄድም አለች። ከኋላ የመጣ ግንድ የጫነ መኪና ጡሩንባውን ነፍቶባቸው አለፈ፤ ያስነሳው በረዶ መንገዱን ሸፍኖት ለትንሽ ጊዜ ምንም አልታይ አለ።

ፒህላ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤት ታክሲ ትልቁ ልጅ ከፊት ይቀመጣል። ከኋላ ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ነው። በዚያ ብርድ መንገድ ላይ መቆም ቀልድ አይደለም፤ ሲርካም ስላወቁት ነው ዝም ብለው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው የያዙት።

«እማማ ሲርካ፣ ከመኪናዋ ፊት የነበረው የሙዝ ካርቶንስ?» አለች ፒህላ።

«ካሌቪ አንስቶ ጣለው። ፊቷ ላይ የለጠፈው አዲስ ማስታወቂያ በደንብ እንዲታይ ነው አለ።»

ካሌቪ የታክሲዎቹ ባለቤት ነው። የኢሎና አባት ነው፤ ኢሎና ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የፒህላ ጓደኛ ናት።

«ካርቶን ግን ምን ያደርግላታል?» ሲል ከኋላ ጠየቀ ኤቱ፤ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሳይጠይቅ የሚያልፈው ነገር የለም።

«አንተ ስትተነፍስ ከአፍህ እንፋሎት አይወጣም? ሞተርም ላብ አለው። ላቡ ኢንተርኩለር ውስጥ ይገባል። ኢንተርኩለር ማለት እዚያ ከፊት ያለችው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምታቀዘቅዘው ዕቃ ናት። እንዲህ ያለ ብርድ በቀጥታ ሲገርፋት ላቡ እውስጧ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ከዚያ አፍንጫዋ ይደፈናል። ካርቶኑ ብርዱን ይጋርድላታል። እኔ እዚህ መንገድ ላይ ሃያ ሁለት ክረምት ነድቻለሁ፤ ለጌጥ ብዬ የሙዝ ካርቶን የምሰቅል ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም» አለ ኤቱ።

ትምህርት ቤት ሲደርሱ አርባ ደቂቃ አርፍደዋል። ፒህላ የኤቱን ቦርሳ ከወንበር ሥር እየጎተተች ሳለ ሲርካ ለካሌቪ ደወሉ፤ ጓንታቸውን ላለማውለቅ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነበር የከፈቱት።

«ካሌቪ፣ መኪናዋ ታፍናለች። ካርቶኑን አታንሳ ብዬህ ነበር።»

«ታክሲ ነው ወይስ ፍራፍሬ ቤት? ሰው ምን ይለናል?» አለ ካሌቪ። «ዛሬ እኔ ቤት ሞቃቱ ጋራዥ አስገቢያት። ቅዳሜና እሑድ ትሞቃለች፣ በረዶው ይቀልጣል፣ አለቀ።»

«አላለቀም። የቀለጠው ውሃ የት የሚሄድ መሰለህ? እዚያው ቱቦው ውስጥ ይተኛል። ቱቦው ተፈቶ ውሃው ሳይፈስ ማንም እንዳያስነሳት። ሞተር አየር ይጨምቃል፣ ውሃ ግን አይጨመቅም፤ አንድ ጊዜ ከጠጣ ውስጡ ይሰበራል። ሰኞ በማለዳ መጥቼ እኔው እፈታዋለሁ።»

«እሺ፣ እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሲርካ ስልኩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካሌቪ እሺ ሁለት ጊዜ ካለ አልሰማም ማለት ነው። ወረቀት ጽፌ መሪው ላይ እለጥፍለታለሁ።»

ቅዳሜ ቀን ፒህላ ኢሎና ቤት ሄደች። በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ተቀጣጥረው ነበር። ኢሎና ግን ቦት ጫማዋን አድርጋ ጋራዡ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ሁለት ደቂቃ ጠብቂኝ። አባዬ ትራክተሩን ሊያስገባ ነው። ታክሲዋን ወደ ጓሮ አውጪልኝ ብሎኛል።»

በዚያ አካባቢ ልጅ በገዛ ግቢው መኪና ሲነዳ ማንም አይደነቅም፤ ፒህላም አልደነቃት። ጋራዡ ይሞቃል፣ የእንጨት ምድጃው ይንጣጣል። ታክሲዋ በረዶዋን አራግፋ፣ ጎማዋ ሥር ኩሬ ሠርታ ቆማለች። ፒህላ የሾፌሩን በር ስትከፍት መሪው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየች። ትልልቅ ፊደል ነው፤ የሲርካን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች።

«ውሃው ሳይወጣ አታስነሱ። ሲርካ።»

ፒህላ ወረቀቱን ነቅላ ለጓደኛዋ ዘረጋችላት። «ኢሎና፣ ይሄን እይ። እማማ ሲርካ ትናንት ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

«አባዬ ያውቃል። እሱ ራሱ ነው አውጪ ያለኝ።»

«አዎ፣ ግን መጀመሪያ ውሃውን . . .»

«አታካብጂ ባክሽ። ሴትዮዋ ሁሉ ነገር ላይ ወረቀት ነው የሚለጥፉት። ባለፈው ማንኪያችን ላይ ሊለጥፉ ነበር።» ሳቀች። ወረቀቱን ከፒህላ እጅ ወስዳ ጨመደደችውና ምድጃው ውስጥ ወረወረችው።

ፒህላ ምን አለች? ምንም። ሳቀች እንጂ። ትንሽ፣ ለጓደኛ የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች።

ኢሎና ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሣ፤ ገና ድምፁ ሳይረጋ ነዳጅ ረገጠች። ያኔ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር በከባድ መዶሻ የተመታ ያህል «ኳ!» አለና ሁሉም ጸጥ አለ። ከመኪናዋ ሥር ዘይት የነካው ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ካሌቪ ድምፁን ሰምቶ ከቤት እየሮጠ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ቁልፉን ሞከረ፣ ሞተሩ ንቅንቅ አልል አለ። የሚንጠባጠበውን ውሃ አየ። ከዚያ ዞሮ ልጁን ጠየቃት።

«ሲርካ መኪናዋን ስታስገባ ወረቀት እተዋለሁ ብላኝ ነበር። ወረቀት ነበር?»

ኢሎና ፊቷ ነጥቷል። «አልነበረም» አለች። «ምንም ወረቀት አልነበረም።»

ካሌቪ ወደ ፒህላ ዞረ። ፒህላ ቦት ጫማዋን አየች። ሰው በአፉ ብቻ አይዋሽም፤ እሷም ያን ጊዜ በዝምታዋ ዋሸች። ቀና ስትል ግን ካሌቪ መኪናው እንደተሰበረበት ሰው ሳይሆን ከባድ ዕቃ ከትከሻው እንዳወረደ ሰው ሲተነፍስ አየችው።

እሑድ ለወላጆች ሁሉ መልእክት ደረሰ። ፒህላ በእናቷ ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ተሽከርካሪው በአሽከርካሪዋ የጥንቃቄ ጉድለት ስለተበላሸ ከሰኞ ጀምሮ መስመሩ በሌላ መኪናና በሌላ አሽከርካሪ ይሸፈናል።» የጥንቃቄ ጉድለት። ካርቶኑን ያነሣው እሱ፣ እሺ እሺ ያለው እሱ፣ ልጁን አስነሺ ያለው እሱ፤ ጥንቃቄ የጎደላቸው ግን ሲርካ። ፒህላ እራቷን አልበላችም።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ።

«ምንም።»

ሰኞ ጠዋት ካሌቪ ራሱ በሌላ መኪና መጣ። እንደ ወትሮው ፒህላ ከፊት ተቀመጠች፤ ኢሎና፣ ዛሬ ከአባቷ ጋር የመጣችው፣ ከኋላ ሆና የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃለች። ገና መንገድ ሳይገቡ ኤቱ ጠየቀ።

«እማማ ሲርካስ?»

«እሳቸው ደክሟቸዋል» አለ ካሌቪ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ዕድሜ ነው እንግዲህ። ያደረጉትን ይረሳሉ። ያላደረጉትን አድርጌአለሁ ይላሉ። ልጆች የሚያመላልስ ሰው ደግሞ እንደዚያ መሆን የለበትም፣ አይደል?»

«የኔን ልደት እንኳ አይረሱም» አለ ኤቱ።

ፒህላ ደሟ ፈላ። ዓይኑን በጨው አጥቦ በስምንት ዓመት ልጅ ፊት እንዲህ ይላል። ያውም ረጋ ብሎ፣ ያዘነላቸው መስሎ።

ትምህርት ቤት ጫማቸውን አውልቀው በሱፍ ካልሲ ኮሪደሩ ላይ ሲቆሙ ፒህላ ኢሎናን ከካፖርት መስቀያው ጥግ ያዘቻት።

«ወረቀት ነበር።»

«ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ።»

«ወረቀት ነበር ኢሎና። ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ።»

«እና ምን ላድርግ?» ኢሎና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያለ መንጃ ፈቃድ እኔ ማስነሣቴን ሥራውን የሰጠው ማዘጋጃ ቤት ከሰማ መስመሩን ይነጥቁታል። ሁለት መኪና ብቻ ነው ያለን፤ አንደኛዋ አሁን ሞታለች። አባዬ ሌላ ሥራ አያውቅም። እሳቸው እንደሆነ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፣ ጡረታ ይወጣሉ፣ አለቀ።»

«ስማቸው ከትምህርት ቤት ሾፌሮች ዝርዝር ይሰረዛል። ልጅ እንዳያመላልሱ።»

«ማን አለ?»

«እናቴ። የተማሪ መኪናዎችን የምትቆጣጠረው የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ ዛሬ ከምሳ በኋላ ለዚሁ ጉዳይ ርእሰ መምህሩ ጋ ትመጣለች።»

ኢሎና ተንፍሳ ካፖርቷን ሰቀለች። «አንቺም እዚያ ነበርሽ፣ ፒህላ። አንቺም ስቀሻል» አለችና ወደ ክፍል ገባች።

ይቺ ቃል ገደለቻት። እውነት ነበረቻ።

በምሳ ሰዓት ፒህላ የዓሣ ሾርባዋን ሳትነካ ወጣች። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለው መስኮት ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለሲርካ ደወለች። የምትለውን በልቧ አዘጋጅታ ነበር፤ እንዴት ነዎት፣ አይዞዎት፣ ካሌቪ ባለጌ ነው። ሲርካ ግን ቀደሟት።

«ደህና ደረሳችሁ? ኤቱ ኮፍያውን አልረሳም?»

«አልረሳም። እማማ ሲርካ፣ መልእክቱን አየሁት። ውሸት ነው።»

ከበስተጀርባ ሬዲዮ ይሰማል።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም፤ ያ መሪ ጨምቆ የሚይዝ ሰው ድምፅ አይደለም። «ወረቀት ጽፌ ለጥፌአለሁ ብዬ ነበር። እንዲያውም ፕላስተሩን በጥርሴ የቆረጥኩት ትዝ ይለኛል። ካሌቪ ግን ምንም አልነበረም ይላል፣ ልጅቷም እንደዚያው። ጋራዡ ድረስ ሄጄ ምድጃው አጠገብ ያለውን መደርደሪያ ሁሉ ፈልጌ አጣሁት። እናቴ በኔ ዕድሜ ነበር መርሳት የጀመራት። ያኔም መጀመሪያ እንደዚህ ነበር፣ አድርጌዋለሁ ትላለች፣ አላደረገችውም። ምናልባት ካሌቪ እውነቱን ይሆናል። ምናልባት ልጆች ይዤ መንገድ መውጣት የለብኝም።»

ፒህላ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሥራቸውን ብቻ አልወሰዱባቸውም፤ አእምሯቸውን እንዲጠራጠሩ አድርገዋቸዋል። ሃያ ሁለት ክረምት አንድ ልጅ ሳይጎዱ የነዱት ሴትዮ ኩሽናቸው ውስጥ ተቀምጠው እናታቸውን ያስባሉ። እሷም ለዚህ አግዛለች።

«ለጥፈዋል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ለጥፈዋል። መሪው ላይ። እኔ ነኝ በእጄ የነቀልኩት። 'ውሃው ሳይወጣ አታስነሱ' ይላል፣ ሥር ስምዎ አለ። አንብቤዋለሁ። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ሲጣል ቆሜ አየሁ። ሲያስነሡም ቆሜ አየሁ። አላስቆምኩም። ጋሽ ካሌቪ ሲጠይቅም ዝም አልኩ።»

ፒህላ ስድብ ጠበቀች፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

«እንግዲያው አልጃጀሁም» አሉ ሲርካ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ እንደገና፦ «አልጃጀሁም።» ሲያለቅሱ ሰማች። ትልቅ ሰው ስልክ ላይ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን» አሉ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ተናድጄብሻለሁ፣ እወቂው። ግን ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ፒህላ ስልኩን ኪሷ ከተተች። በመስኮቱ የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ መኪናዋን አቁማ፣ የሞተር ማሞቂያውን ገመድ ምሰሶው ላይ ባለው ሶኬት ስትሰካ ታየቻት። ካሌቪም ደርሶ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላት። አብረው ገቡ።

ፒህላ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች፤ በካልሲ ስለነበረች እርምጃዋ አይሰማም። የርእሰ መምህሩ በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ የካሌቪ ያ ለስላሳ ድምፅ ይሰማል፣ «ዕድሜ ነው እንግዲህ» ሲል። ኢሎና ከክፍል ወጥታ ኮሪደሩ መሃል ላይ ቆማ ነበር። ጓደኛዋ የት እንደቆመች ስታይ ሁሉም ነገር ገባት። እየሮጠች መጥታ እጇን ያዘቻት።

«ስሜን ትጠሪያለሽ?»

ፒህላ እጇን አላስለቀቀችም።

«የኔን መጀመሪያ እጠራለሁ» አለች። «የአንቺን አብረሽኝ ገብተሽ ራስሽ ብትናገሪው ነው የምፈልገው። ካልሆነ ግን፣ አዎ።»

ኢሎና እጇን አልለቀቀችም።

ፒህላ በሌላኛው እጇ በሩን አንኳኳች።