ኩማ ያላደረሰው ደብዳቤ

በዚያ ክረምት በታቦር ተራራ ሥር ከኩማ ዳንጊሶ ቤት የበለጠ ደስታ የገባበት ቤት ነበር ቢሉኝ አላምንም። ቤቱ ያው ጭቃ ምርግ ነው፣ አንድ ክፍል ከነጓዳው፣ ቆርቆሮ ክዳን፤ ሌላ ምን አለው? ግን ስንት ነገር ይጠበቅበት ነበር መሰላችሁ! ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት፣ ወሩ ነሐሴ ነው። መስከረም ሁለት የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር አዋሳ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ጨርቅ ለብሳለች። ኩማ በሚሠራበት የእንጨት ሥራ ማኅበር ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ሊሸለም ስሙ ተይዟል። ሚስቱ ገበያነሽ ደግሞ በሠላሳ አራት ዓመቷ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራ፣ ለጳጉሜን ሦስት በቀበሌው አዳራሽ ሕዝብ ፊት አንብባ የምስክር ወረቀት ልትቀበል ነው። አባትም እናትም በአንድ ሰሞን ሊጨበጨብላቸው! የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃቸው ወንጌላዊት ትምህርት ቤት ይህን ያላወራችለት ሰው አልነበረም።

ማኅበሩ አራት መቶ የተማሪ ዴስክ ለበዓሉ ሊያደርስ ቃል ገብቷል። አናጺዎቹ ገጥመው የጨረሱትን ዴስክ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ የሚያለሰልሰው ኩማ ነው፤ የሱ እጅ ያላረፈበት ከበሩ አይወጣም። ዝናብ እንዳይገባ፣ ቫርኒሹንም አቧራ እንዳይዘው ተብሎ የመሥሪያው መስኮት ሁሉ ክረምቱን ተዘግቶ ከረመ። አቧራው ግን የሚነሣው ከውስጥ ነው፤ ማን ልብ ይበል? ኩማ ቀኑን ሙሉ ያንን ብናኝ ሲምግ ይውልና ማታ ደረቱ ሲር ሲር እያለ ዳገቱን ይወጣል። በሰኔ ወር አንድ ቀን ትንፋሹ ቁርጥ ሲልበት ለማንም ሳይናገር ጤና ጣቢያ ሄደ።

ሲስተር ጸሐይወርቅ ደረቱንም ጀርባውንም አዳመጠችው። «አቶ ኩማ፣ አስም ነው ያለብዎት» አለችው። «ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አያሳፍርም። ከተጠነቀቁለት አብረውት ይኖራሉ። ካልተጠነቀቁለት ግን አይምርም።» ሲያፍነው ወደ አፉ የሚነፋት አንዲት ትንሽ መድኃኒት ሰጠችው። ሥራው እንዲቀየርለት ደግሞ ለማኅበሩ ደብዳቤ ጽፋ፣ የቤቱንም ጥንቃቄ ከሥሩ ዘርዝራ፣ ማኅተም መትታ፣ በእጁ አስያዘችው።

እና ኩማ ምን አደረገ? ደብዳቤውን በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው፣ በቃ። ከዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባቸው ሲያስል «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ብለው የውሃ ጣሳውን እንደ ለዩበት በዓይኑ አይቷል። ኮከብ ሊባል ሁለት ወር ሲቀረው እሱስ ጣሳ ይለይበት? «ከመስከረም ሁለት በኋላ እሰጣለሁ» አለ ለራሱ። መድኃኒቱን በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከመሮው ሥር ደበቀው። ለገበያነሽ ደግሞ እንዳታዝን ብሎ «ብርድ መታኝ» አላት። አቤት፣ ያቺ አንዲት ቃል!

ባሌን ብርድ መታው ያለች ሚስት ምን ታደርጋለች? እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጉ ነበር? ገበያነሽ ዱቄት በውሃ በጥብጣ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጋዜጣ ለጠፈችው። የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈችው። ኩማ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማኅበሩ በጆንያ ተሸክሞ የሚያመጣውን ሰጋቱራ በትልቅ ጣሳ ውስጥ፣ መሐሉ ላይ ጠርሙስ አቁማ ዙሪያውን ጠቅጥቃ፣ ጠርሙሱን ነቅላ ከሥር ለኮሰችው። በፊት ጓዳ የነበረውን ምድጃ አሁን አልጋው አጠገብ አመጣችው፣ እንዲሞቀው ብላ። ኩማ የሰጋቱራ ጭስ ጠላቱ እንደሆነ ሲስተር ነግራዋለች። ግን አውጪው ቢላት ለምን ትለዋለች፣ ለምን ካለችው ሁሉም ነገር ሊወጣ ነው። ስለዚህ ሳይነግራት መሳሉን ቀጠለ፣ እሷም ሲስል በሰማች ቁጥር ሰጋቱራ ጨመረች።

እንዲያም ሆኖ በዚያ ቤት ሳቅ አልጠፋም። ገበያነሽ ማታ ማታ መስኮቱ ላይ የለጠፈችውን ጋዜጣ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ነበር። ፊደል ከቆጠረች በኋላ መጀመሪያ የጻፈችው ቃል የባሏን ስም ነው፤ ኩማም ይህን እያነሣ አይለቃትም።

«መምህራችሁ ከሀ ጀምሩ ሲላችሁ አንቺ ከኔ ጀመርሽ አሉ» ይላታል።

«አጭር ስለሆንክ ነዋ፣ ሁለት ፊደል ብቻ» ትለዋለች።

«ተይ፣ ወደሽኝ ነው። ለማንኛውም መድረክ ላይ ስትወጪ እኔ ፊት ለፊትሽ ነው የምቀመጠው።»

በነሐሴ ሃያ ሰባት፣ እሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ኩማ ከአልጋው ሊነሣ ሲል ትንፋሽ እምቢ አለው። አንገቱ ላይ ያሉት ጅማቶች ተገታተሩ፣ ትከሻው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ገበያነሽ በድንጋጤ በሩን አጠበቀች፣ ምድጃውን አስጠጋች… ፊቱን ልትጠርግለት መሐረብ ፍለጋ ኮቱን በረበረች። እጇ ላይ ወረቀት ወጣ። ክብ ማኅተም አለው። መሐል ላይ ደግሞ ከመጽሐፉም ከጋዜጣውም ሁሉ ቀድማ የምታውቀው ቃል ተጽፏል፣ ኩማ። ስሙ ባይኖርበት ኖሮ ጣል አድርጋው ታልፍ ነበር። ቆመች፣ በጣቷም ተከተለችው።

«ጓድ ኩ…ማ… ዳንጊሶ የ…አስም… በሽተኛ… ከሰ…ጋ…ቱ…ራ…»

ጣቷ ደረቀ። ቀና ብላ ምድጃውን አየችው። እንደገና ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች፤ ከቃል ቃል ለመሸጋገር ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ባሏ ከኋላዋ እያፏጨ አየር ሲለምን፣ እሷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈተና ሳይሆን ለነፍስ ታነባለች! በቤቱ ሰጋቱራ እንዳይነድ። መስኮትና በር ተከፍቶ አየር እንዲገባ። የሚነፋው መድኃኒት ከእጁ እንዳይለይ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ያየ ጎረቤት ሴትዮዋ አበደች አለ። የጋለውን ጣሳ በባዶ እጇ አንሥታ ዝናቡ ውስጥ ወረወረችው። ጋዜጣውን በጥፍሯ ገሽልጣ መስኮቱን ከነማጠፊያው ነቀለችው። ኩማን በብብቱ ይዛ እየጎተተች ደጃፉ ላይ ከቆርቆሮው ሥር አስቀመጠችው።

«መድኃኒቱ የት ነው?» አለችው።

«ሳጥኑ… ከመሮው ሥር።»

ሳጥኑ ያለው መናኸሪያ አጠገብ፣ ማኅበሩ ውስጥ ነው። አጠገባቸው የቆመችው ወንጌላዊት እናቷ ሂጂ ብላ ሳትጨርስ ዳገቱን ቁልቁል ተፈተለከች። ጭቃው አዳለጣት፣ ወደቀች፣ ተነሣች፣ አንድ ጫማዋን ጥላ በሌላው ሮጠች። ዘበኛው በሩን አልከፍትም ሲል የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሸዋንግዛው ደግነቱ ዴስክ ሊያስቆጥር ገብቶ ነበርና ሳጥኑን ራሱ ገለበጠው። መድኃኒቱን አገኙ። ሁለቱም አብረው ዳገቱን ሽቅብ ሮጡ… ትደርሳለች፣ አትደርስም?

ደጃፉ ላይ የዝናቡ ንፋስ የኩማን ፊት ሲነካው ለጥቂት ጊዜ ቀለል ያለው መሰለ። ገበያነሽ በተቃጠለ እጇ አሁንም ወረቀቱን ይዛለች። ኩማ አየው።

«አነበብሽው?» አላት።

«አነበብኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ለምን ደበቅከኝ፣ የወንጌላዊት አባት? በገዛ እጄ…» አለች።

ኩማ የቀረችውን ጥቂት ትንፋሽ አጠራቀመና፣ ዓይኑ እንባም ሳቅም ሞልቶት፣ መምህር ለተማሪው የሚላትን ቃል አላት።

«ጎበዝ።»

ወንጌላዊት መድኃኒቱን በጡጫዋ ጨብጣ ስትደርስ እናቷ የአባቷን ጭንቅላት ታቅፋ፣ ያንኑ ወረቀት ከመጀመሪያው ጀምራ ታነብለት ነበር። እሱ ግን አይሰማም።

ጳጉሜን ሦስት ደረሰ። ሐዘን ከተቀመጠች ገና ስድስተኛ ቀኗ ነውና ጎረቤት ሁሉ ቅሪ ብሏት ነበር። ጥቁር ለብሳ፣ ሁለት እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ አዳራሹ መጣች። ሌሎቹ ሴቶች ከመጽሐፉ አንድ አንድ ገጽ አንብበው ተጨበጨበላቸው። የገበያነሽ ተራ ሲደርስ መጽሐፉን አልተቀበለችም። ከነጠላዋ ሥር ወረቀት አወጣችና የማኅበሩ ሰዎች ወደተቀመጡበት ዞረች።

«ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለእናንተ ነው» አለች። «ባለቤቴ ሳያደርስ ቀረ። እኔ ላድርስለት።»

አነበበችው። አንድም ፊደል አልሳተችም፤ ሰጋቱራ የሚለው ጋ ብቻ ድምፅዋ ተቆረጠ፣ ከዚያም ቀጠለች። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ቤታቸው አልጋ አጠገብ ያንኑ ምድጃ ትተው ነው የመጡት። ማንም አላጨበጨበም፤ ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። ጓድ ሸዋንግዛው ከመቀመጫው ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ይህን ቢሰጠኝ ኖሮ በማግሥቱ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር አስቀምጠው ነበር» አላት። «ፈራኝ እንዴ? ምን አድርጌው ፈራኝ?»

በማግሥቱ የማኅበሩ መስኮቶች ተከፈቱ፣ ዴስክ የሚፍቁትም ዋርካው ሥር ወጡ። ለአንድ ሰው ብቻ ዘገየ። የኮከብ ሠራተኛው ሽልማት መስከረም ሁለት ለወንጌላዊት ተሰጠ፤ ልጅቷ አባቷ ሊቀመጥበት በነበረው የተሸላሚ ወንበር ላይ ይዛው ስታለቅስ ዋለች።

ሰው ዕድሉ ነው ይላል። የኩማ ዕድል ከግንባሩ ተጽፎ ነበር ይላል። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ የተጻፈው ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ማኅተምም ነበረው። በሽታው አብሮት ሊኖር ይችል ነበር፤ እፍረት ግን አብሮ አያኖርም። እሱ እንዳታዝን ብሎ ደበቃት፣ እሷ እንዳይበርደው ብላ አፈነችው፣ ሁለቱም በፍቅር። እንዲህ ያለውን ጥፋት በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሱታል?

ያ መስኮት ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። ገበያነሽ አመሻሽ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ያገኘችውን ጋዜጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። በክረምት የሚያልፍ ጎረቤት ብርድ ነው፣ ዝጊው እንጂ ሲላት፣ «ተወው፣ ይግባ» ትላለች።