ቅናት የቀባው ፊት

ሰውየውን ወንበሩ ላይ ያስቀመጠችው የዕለቱ እንግዳ መስሏት ነበር።

ኮት ለብሷል፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ የሜካፕ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ያመነታል። ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርብ እንግዳ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያመነታው። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ አይፍሩ፣ አያምም!» አለችውና አንገቱ ላይ ፎጣ አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። የግንባሩን ወዝ አደረቀች፣ ከዐይኑ ስር ያለውን ጥቁረት ሸፈነች፣ ቅንድቡን አበጠረች። ሰውየው ትንፍሽ አላለም። ጨርሳ ፎጣውን ስታነሳለት ነው ቀስ ብሎ፣

«አመሰግናለሁ... እኔ እንኳን የመጣሁት ማይክ ልወስድ ነበር» ያለው።

«ምን?»

«አዲሱ የድምፅ ባለሙያ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ዝም አሰኘህ?!»

«እጅሽ ደስ አለኝ።»

በሳቅ ሞተች። እዚያ ጣቢያ ውስጥ የእናት የአባት ስም አይበረክትም፤ እሷን ብሩሽ ይሏታል። እሱንም ብዙ ሳይቆዩ ዝምታ አሉት። ቀረጻ ሲጀመር «ዝምታ!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ከዚያች ቃል ሌላ ደግሞ ከአፉ እምብዛም አይወጣም። ለብሩሽ ግን ይወጣ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሻይ ይጠጣሉ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጎ በሩቅ ጥበቃው የሚያንጎራጉረውን ዘፈን ያሰማታል። አንድ ቀን፣ «እናቴ ጋ እወስድሻለሁ» አላት። ብሩሽ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ይሁን በክንፍ አታውቀውም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

የአገሩ ጦር ድንበር ጥሶ ጎረቤት አገር ከገባ ጀምሮ ሰው ሌላ ወሬ የለውም። ጦሩ ወንዙን ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም? መንግሥት ተሻግሯል ይላል፣ ማዶ ያሉት አልተሻገረም ይላሉ፣ ሕዝቡ ደግሞ ወንዙን በዐይኑ ሳያየው ጉሮሮው እስኪደርቅ ይሟገታል። በጣቢያው ሻይ ቤት እንኳን ተሻግሯል ባዮች በመስኮቱ በኩል፣ አልተሻገረም ባዮች በበሩ በኩል መቀመጥ ጀመሩ። ሻይ የዘገየበት ሁሉ፣ «የእትዬ ሻይስ ወንዙን ተሻገረ?» ብሎ ይጣራል። ሻይ ቤቷን የያዘችው እትዬም ከጓዳ፣ «ከባድ ውጊያ ላይ ነው!» ትላለች።

ጣቢያው በየቀኑ አመሻሽ ላይ የቀጥታ ክርክር ማስተላለፍ ያዘ። በአንድ ወገን አንድ ጡረተኛ ሻለቃ፣ «ጦሩ ቆሟል» ባይ። በሌላው ወገን አንዲት የጦር ጉዳይ ተንታኝ፣ «እየገፋ ነው» ባይ።

ተንታኟ ቆንጆ ናት። ብሩሽ ይህን ለመናገር አንደበቷ ይተሳሰራል፤ ግን ቆንጆ ናት። በዕድሜ ትበልጣታለች፣ ስትናገር ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማታል። ብሩሽ በየቀኑ ይህቺን ሴት ይበልጥ ታሳምራለች፤ ስትጨርስ ዝምታ ይመጣና ማይኩን ኮሌታዋ ላይ ይሰካል። ሲሰካላት ጎንበስ ይላል። ጎንበስ ሲል ያንሾካሹካሉ! ያ ቃል የሚቆጥብ ሰው! የሚያወሩት መቆጣጠሪያ ክፍል እንዳይሰማ ማይኩን በመዳፉ አፍኖ ይይዘዋል። ይህን ስታይ ብሩሽ መሳቢያዋን ጓ አድርጋ ትዘጋለች።

«ምን ታወራላችሁ?» አለችው አንድ ቀን።

«ስለ ሥራ ነው።»

«ሥራ በሹክሹክታ ነው እንዴ?»

«ተይ እንጂ...»

«እሺ። እናትህ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?»

«አሁን ጊዜው አይደለም» አለና ገመዱን እየጠቀለለ ሄደ።

ጊዜው አይደለም! ለእሷ ጊዜው አይደለም፤ ለሹክሹክታው ግን በየቀኑ ጊዜ አለ። እትዬም ለጨዋታ ያህል፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰውሽ ወንዙን ሳይሻገርብሽ አልቀረም» አለቻት። መስኮትም በርም ጋ ያሉት አብረው ሳቁ። ብሩሽም ሳቀች፤ ሻይዋን ግን ሳትጨርስ ወጣች።

በማግስቱ ከመስታወቷ ውስጥ አየቻቸው። ተንታኟ የዝምታን እጅ በሁለት እጆቿ ይዛለች። እሱ ደግሞ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

በብሩሽ መሳቢያ ውስጥ ለስቱዲዮ የማይሆን ነጭ ፓውደር ነበር። በቀን ብርሃን ፊት ላይ አይታወቅም፤ ኃይለኛ መብራት ሲያርፍበት ግን አመድ ይሆናል። ሜካፕ የሚያውቅ ሰው ለቀጥታ ሥርጭት አይነካውም። ብሩሽ ነካችው።

«ዛሬ ዝም አልሽኝ። ደህና አይደለሽም?» አለቻት ተንታኟ ዐይኗን ጨፍና።

«ደህና ነኝ። አይንቀሳቀሱ።»

ትንሽ ብታስቀይማት ምን ይመጣል? ለአንድ ቀን ብቻ! አገር ሁሉ አይቷት፣ እሱም አይቷት... ሁልጊዜ እንግዳው ወደ ስቱዲዮ ሲገባ ፊቱን በሞኒተር ታረጋግጣለች። የዚያን ቀን «ጨርሻለሁ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠች።

ተንታኟ፣ «ጦራችን እየገፋ ነው፤ የሚያሰጋ ነገር የለም» ስትል ፊቷ ከሬሳ አይለይም ነበር። በመብራቱ ሙቀት ሲያልባት ከዐይኗ ስር መስመር ወረደ፤ ያለቀሰች መሰለች። ሻለቃው እንኳን ክርክሩን ትቶ፣ «ትንሽ ውሃ ይጠጡ እስቲ» አላት። ብሩሽ ከካሜራዎቹ ጀርባ ቆማ ጮቤ ረገጠች።

በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ገና ከመቀመጧ፣

«ፊቷን አያችሁት?» አለ ሹፌሩ።

«አፏ ገፋ ይላል፣ ፊቷ ግን አለቀ ይላል!»

«የደበቀችን ነገር አለ። ልጆቹን ወንዙ በልቷቸዋል።»

«እኔ እስከ ትናንት ተሻግሯል ባይ ነበርኩ። አሁን በቃኝ!»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትንሰቀሰቅ ጀመር። «ልጄ እዚያ ነው...» አለች ለማንም ሳይሆን። ብሩሽ ፓውደር ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን «ወራጅ አለ!» አለች። ከመውረጃዋ በፊት ወርዳ በእግሯ ሄደች።

ጣቢያ ስትደርስ ዝምታ ሥራ አልገባም። ሻይ ቤቱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«አልሰማሽም?» አለቻት እትዬ፤ ዛሬ አትቀልድም። «የዝምታ እናት ትናንት ክርክሩን እያዩ ወደቁ። ታናሽ ወንድሙ እኮ ወታደር ነው፤ እዚያው ወንዙ ዳር። ድምፁ ከጠፋ ሰነበተ።»

«ወንድም አለው?»

«ላንቺም አልነገረሽ? ያቺ ተንታኝ ጦሩ ውስጥ የምታውቃቸውን ሰዎች በምስጢር እየጠየቀችለት ነበር። ሰዎቹ እንዳይጎዱ ለማንም አትናገር ብላ አስምላው ነው። ዛሬ ጠዋት እያለቀሰች ስትነግረን ነው የሰማነው። ‹ምን ብዬ ነው እናቱን ያስደነገጥኩት?› ትላለች ምስኪን።»

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። ብሩሽ የማሰችው ለአንዷ ነበር፤ የገቡበት ደግሞ ልታያቸው ስትናፍቅ የኖረችው የዝምታ እናት ናቸው። የዝምታን ቤት ከእትዬ ጠይቃ፣ ፓውደሩን ቦርሳዋ ውስጥ ጨምራ ወጣች።

በሩን የከፈተው ዝምታ ነው። ዐይኑ ቀልቷል።

«አንቺ... እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«እናትህን ለማየት።»

እናቱ ሶፋ ላይ ተጋድመዋል፤ ደረታቸው ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶ አቅፈዋል። ብሩሽ ለዚህ ቀን ቀሚስ መርጣ፣ የምትናገረውን አጥንታ ነበር። አሁን ሁሉም ጠፋባት። እግራቸው ስር ተንበረከከች።

«እማማ፣ የሴትየዋ ፊት የገረጣው ክፉ ነገር ሰምታ አይደለም። እኔ ነኝ እንደዚያ የቀባኋት።»

«ለማጽናናት ነው። ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ ይዋሸኛል» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

«እሺ፣ ይዩኝ!»

ፓውደሩን አወጣችና የገዛ ፊቷን ቀባችው፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ከዐይኗ ስር። ከዚያ ዝምታን ቀና ብላ እያየች፣ «የስልክህን መብራት አብራብኝ» አለችው። ምንም ሳይገባው አበራባት።

እናትየው ዞር አሉ። አዩዋት። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ያው ፊት!...»

«አዎ እማማ፣ ያው ፊት ነው።»

ጣታቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉና የወጣውን ነጭ ዱቄት አዩት። ከዚያ አለቀሱ፤ ከትናንት ጀምሮ ደርቆባቸው የነበረው እንባ ነው። «ስለዚህ ልጄን... ማንም ሞተ አላለም?»

«ማንም አላለም።»

እንባቸውን ጠረጉና፣ «ለምን አደረግሽው ልጄ?» አሏት።

መብራቱ አሁንም ፊቷ ላይ ነው። «ቀንቼ ነው» አለች። «ልጅዎን እወደዋለሁ። ከእሷ ጋር ሲያንሾካሹክ አየሁና ቅናት አሳበደኝ። ምንም አላጣራሁም... እርስዎን ልገድልዎት ነበር።»

ዝምታ መብራቱን አጠፋው።

«እናቴ ልትሞትብኝ ነበር እኮ» አለ። «አንድ ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ጠይቄህ ነበር! ስለ ሥራ ነው አልከኝ!»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «አሁን ሂጂልኝ» አላት።

ሄደች። መንገደኛው ዞር እያለ ሲያያት ነው ፊቷን አለመጥረጓ ትዝ ያላት።

ከዚያው ወደ ጣቢያው ተመልሳ ለዳይሬክተሩና ለተንታኟ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዳይሬክተሩ ከሥራ አሰናበታት፤ አልተከራከረችም። የዚያን ቀን ክርክር ከመጀመሩ በፊት፣ የትናንቱ የተንታኟ መገርጣት የሜካፕ ስህተት ነበር ተብሎ ተነገረ። ግማሹ ሕዝብ አመነ፤ ግማሹ፣ «ደግሞ ሜካፕ ነው አሉ! ሞኝህን ፈልግ!» አለ።

ተንታኟ ግን ብሩሽ ቦርሳዋን ስታስር አጠገቧ መጣች።

«ባሌን ያለፈው ጦርነት ነው የወሰደብኝ» አለቻት። «የልጁ ዐይን የኔን የዚያን ጊዜ ዐይን መሰለኝ። ሌላ ምንም አልነበረም።»

«ይቅር ይበሉኝ...»

«እልሻለሁ። ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ተናድጃለሁ።»

ብሩሽ አንድ የሴቶች ውበት ሳሎን ተቀጠረች። ሙሽራ ታስውባለች፣ ቅንድብ ትቀነድባለች፤ ክርክሩን አታይም። ዝምታ አልደወለም። እሷም ስልኩን አንስታ ቁጥሩን ታየውና መልሳ ታስቀምጠዋለች። አሁንም ትቀናለች! ማይኩን ለማን እየሰካ ይሆን? አዲሷ ሜካፕ ሠሪስ ቆንጆ ትሆን? ሰው እንዲህ ሆኖም ይቀናል እንዴ?

አንድ ረፋድ ላይ የሳሎኑ በር ተከፈተና የዝምታ እናት ገቡ። በእግራቸው፣ ማንም ሳይደግፋቸው። መጥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ ተገኘ» አሉ።

ማበጠሪያው ከብሩሽ እጅ ወደቀ።

«ያቺ ሴትዮ ናት ያገኘችልኝ። ትከሻውን ቆስሎ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል አምጥተውታል። አሁን ላየው መሄዴ ነው።» በመስታወቱ ውስጥ የከሳ ፊታቸውን፣ የጎደጎደ ዐይናቸውን አዩት። «እንዲህ ሆኜ ቢያየኝ ከቁስሉ ይልቅ ይሄ ፊቴ ይገድለዋል። አሳምሪኝ።»

«እኔ?... እማማ፣ እኔ እንዴት...»

«ማስደንገጡን ከቻልሽበት ማረጋጋቱ አያቅትሽም።»

በሕይወቷ እንዲህ ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። እንባዋ እንዳይንጠባጠብባቸው በክንዷ እየጠረገች፣ ድካሙን ሸፈነች፣ ጉንጫቸው ላይ ትንሽ ደም መለሰች። በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው፣ በመብራት አየቻቸው፣ ደግማ አየቻቸው።

«ያኛው ልጄ ያለሽበትን አጠያይቆ አምጥቶኝ ውጭ ቆሟል» አሉ እናትየው ስትጨርስ።

«አሁንም ተቆጥቶኛል?»

«ተቆጥቶሻል። ይወድሻልም። ቁጣና ፍቅር አንድ ቤት ይኖራሉ፣ ከአባቱ ጋር ኖሬ አይቼዋለሁ።» እጇን ያዙ። «አንዱን ልጄን ለጦርነቱ ሳይጠይቁኝ ነው የወሰዱብኝ። ይሄኛውን ግን እኔው በእጄ ልስጥ። ነይ።»

ዝምታ መንገድ ዳር ቆሞ ጫማውን ያያል። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጩ።

«ወንድሜን መደበቅ አልነበረብኝም» አለ። «ቃሌን ጠብቄ አንቺን አጣሁ።»

«እኔ እኮ አሁንም እቀናለሁ። አይለቀኝም ይሄ ነገር።»

«ቅኚ። ግን ለእኔ ንገሪኝ እንጂ ለፓውደሩ አትንገሪው።»

እየሳቀች አለቀሰች። እናትየው ግን፣ «ኋላ ትስቃላችሁ፣ ልጄ ይጠብቀኛል!» ብለው ቀድመው ሄዱ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ብሩሽ በሩ ጋ ቀረች። ታናሽየው ትከሻው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል። እናቱ ሲገቡ ዐይኑን ገለጠ። ፊታቸውን ደጋግሞ አየ፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

«እማዬ... አምሮብሻል እኮ! እኔ ደግሞ በሐሳብ አልቀሽ አገኝሻለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት።»

«ምን ሆኜ!» አሉ እናቱ ግንባሩን እየሳሙት።

ዝምታ የብሩሽን እጅ ያዘና ወደ ውስጥ ሳባት። «እስቲ ተዋወቃት» አለው ወንድሙን፤ «የማገባት እሷን ነው።»