የሚስ ሐረገወይን መልእክት

ሞገስ ቀወት ውስጥ ሽንኩርት የሚያመርት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ሲሞቱ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠውን ትምህርት ሊቀጥል ፈልጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸዋሮቢት እየመጣ እንግሊዝኛ ይማር ጀመር። የምታስተምረው ሐረገወይን ነበረች። ተማሪዎቿ «ሚስ» ይሏታል።

«ሚስ ማለት አስተማሪ ከሆነ ሚስኮል የአስተማሪ ጥሪ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች።

«አይ፣ እሱስ ያመለጠ ጥሪ ነው። አውቶቡስ ሲያመልጥህም ሚስ አደረግኩት ትላለህ።»

ሞገስ ደብተሩ ላይ «ሚስ፦ አመለጠ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ እስከ ቤቷ ይሸኛት ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማሉ። ስለ ብዙ ነገር ያወራሉ፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ግን ሁለቱም መሬት መሬቱን ያያሉ።

በሐምሌ ሐረገወይን ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረች። መናኸሪያ ሲሸኛትም ልቡ ውስጥ ያለውን ሳይነግራት አውቶቡሱ ተነሳ።

በሁለተኛው ሳምንት በእንግሊዝኛ መልእክት ላከችለት፦ አይ ሚስ ዩ።

ደብተሩን ገለጠ። አመለጠ ይላል። «አመለጥከኝ» ብላ ተሰናበተችኝ ብሎ አሰበ። ደጋግማ ስትደውልም ድምፅዋን የሚሰማበት አቅም አጥቶ ስልኩን ሳያነሳ ቀረ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን አብራው የተማረች ፀደንያ ገበያ አግኝታው፣ «ሰማህ? ለሚስ ሐረገወይን እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው» አለችው።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፈረ። ጣርማ በርን ሲያልፉ ብርዱ አንቀጠቀጠው፤ የለበሰው ስስ ሸሚዝ ብቻ ነበር።

ከተማው ደርሶ እየጠየቀ ቤቷን አገኘ። በሩን የከፈተችው ራሷ ሐረገወይን ናት።

«ሞገስ!»

«አመለጥከኝ ብለሽ ጽፈሽልኛል። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።»

ግራ ተጋብታ አየችው። ወዲያው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

«ናፈቅከኝ ማለት እኮ ነው! ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ስታስብ ነበር?» ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ታዲያ ለምን በአማርኛ አልጻፍሽልኝም?»

«በአማርኛማ አፈርኩ።»

ሞገስ አንድ እርምጃ ቀረባት። «እኔም አፍሬ ነው የቆየሁት። እወድሻለሁ፣ ሐረግ።»

እጁን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ የእሑዶቹን ሰዎች አትምጡ በላቸው። እኔ የምፈልገው ሰው ይኸውና።»

አባትየው ሞገስን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ጋቢዬን አምጪለት እንጂ፤ ልጁ በብርድ ሊያልቅ ነው።»