በዳቦ የተማለ

«በዚህ ዳቦ እምላለሁ፣ ልጅዎ ለነሐሴ ማርያም ይመጣል» አለ ጌንት፣ እጁን ገበታው ላይ በተቆረሰው ዳቦ ላይ አሳርፎ።

ሚርጀታ የያዘችው የወይራ ፍሬ ከጣቷ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ወንድሟን አፍጥጣ አየችው። እሱ ግን ዓይኑን ከፊት ለፊቱ ከተቀመጡት አሮጊት፣ ከእማማ ቫሲሊቂ ላይ አልነቀለም። እማማ ቫሲሊቂ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ዳቦውን አነሡና ሳሙት።

ወንድምና እህት ከዋና ከተማው ከቲራና ከወጡ ሳምንት ሊሞላቸው ነው። ሚርጀታ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የሁለቱም ኪስ የሳሳ በመሆኑ ድንኳን ተሸክመው፣ ዳቦና ቲማቲም እየበሉ፣ ከአንዱ የባሕር ዳር መንደር ወደ ሌላው በእግራቸው ይሄዳሉ። ሲደክማቸው መኪና ይለምናሉ። ሆቴሉን ለጀርመን ቱሪስቶች ትተውላቸዋል። የዚያን ዕለት ማምሻውን እማማ ቫሲሊቂን ከወይራ ዛፎችዎ ሥር ድንኳን እንትከል ብለው ቢያስፈቅዷቸው፣ አሮጊቷ ተቆጡ። «እንግዳ ደጄ ላይ አድሮ፣ እኔ በየትኛው ዓይኔ ጎረቤት አያለሁ?» ብለው እየገፉ አስገቧቸው። አይብ፣ ወይራና የበለስ ማርማላታ ከየጓዳው ወጣ። «ብሉ እንጂ፣ ምን ትሽኮረመማላችሁ» ሲሉ አመሹ።

የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ልጄ ፔትራቅ ጣሊያን ነው ያለው። ስልኬ እሱ ጋ አልገባ ካለ ቆየ። ተራራው ነው የከለከለው ይሉኛል። እስቲ በእናንተ ሞክሩልኝ።» ቁጥሩን እንደ ጸሎት በቃላቸው ወጡት።

ኔትወርክ ፍለጋ ሁለቱም ሰገነት ላይ ወጡ። ስልኩ ወዲያው ተነሣ። ጌንት እናትዎ ናቸው ያስደወሉን አለው። ሚርጀታ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ሰማችው።

«ደህና ናት?» አለ ፔትራቅ።

«ደህና ናቸው። ታች ናቸው፣ ላቅርብልዎት?»

«አይ፣ ተው። ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆኗል በላት። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼ ባዶ እጄን ምን ብዬ ነው የምገባው? ሁለተኛም አትደውል፣ ወንድሜ።» ዘጋው።

ሲወርዱ እማማ ቫሲሊቂ ደረጃው ሥር ቆመው ነበር። የደረቀ እጃቸውን በሽርጣቸው ደጋግመው ይጠርጋሉ። ጌንት ፊታቸውን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም፤ ሰላም ብሏል አለ። መቼ ይመጣል አሉት። ገበታው ላይ እንደተቀመጠ አፉ ቀደመውና ማለ።

ጠዋት ሚርጀታን የቀሰቀሳት የብሩሽ ድምፅ ነበር። እማማ ቫሲሊቂ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር ላይ ቆመው የጓዳውን ግድግዳ ኖራ ይቀባሉ። የፔትራቅ ፍራሽ ከመስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። በአጥር በኩል ለጎረቤታቸው ነግረው ጠቦትም አስይዘዋል።

«እማማ፣ ምነው ትንሽ ቢቆዩ? ነሐሴ እኮ ገና ነው።»

«እኔ አሮጊት ነኝ፤ ዛሬ ካልጀመርኩት አይደርስልኝም፣ ልጄ። ስንቱ ይመጣል እያለ ሸንግሎኝ አልፏል መሰለሽ። አንድ ስንኳ በዳቦ የማለልኝ አልነበረም። ወንድምሽን እግዜር ይባርከው።»

ሚርጀታ ወጥታ ጌንትን ሻንጣ ሲያስር አገኘችው።

«ግባና ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱ ምን ይሠራላቸዋል? ደስ ብሏቸዋል፣ ተያቸው።»

«በዳቦ እኮ ነው የማልከው፣ ጌንት።»

«አቦ አታካብጂ። በዳቦ የማይምል ማን አለ? አንቺ ራስሽ ከትናንት ወዲያ ሻምፑህን አልነካሁም ብለሽ ምለሽልኛል።»

ነክታው ነበር። እነሱ ሰፈር ለካርታ ጨዋታም፣ ለሻምፑም በዳቦ ይማላል፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «እሳቸው ግን ሳሙት» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

ጌንት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እንደ አዲስ ማሰር ጀመረ። «ሚኒባሱ ሊመጣ ነው» አለ አንገቱን ሳያነሣ። «ሰው ሳይከፋው ላሽ እንበል።»

ስልኩን ነጥቃ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ፔትራቅ ጋ ደወለች፤ ጮኸ፣ ጮኸና ተዘጋ። ደግማ ስትሞክር የእሱ ስልክ ጭራሽ ጠፍቷል። ባሕሩ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ትናንት እንዴት ያምራል ብላ ፎቶ አንሥታው ነበር። ዛሬ አስጠላት። አንድን ትልቅ ሰው ከዚያ ማዶ ጎትታ ማምጣት አትችልም። ደውል ብላ ልታስገድደው አትችልም። የወንድሟን መሐላም ወደ አፉ መመለስ አይቻላትም፤ ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው። ማልቀስ አማራት፤ ግን ማልቀስም የእሷ ድርሻ አልመሰላትም።

የሚኒባሱ ጥሩምባ ከታችኛው መንገድ ተሰማ። ጌንት በሩ ላይ ቆሞ እማማ ቫሲሊቂን በችኮላ አመሰገነ፤ ዓይናቸውን ሳያይ ቁልቁል ሮጠ።

ሚርጀታ ወርዳ ሻንጣዋን አንግታ ጓዳው በር ላይ ስትደርስ እማማ ቫሲሊቂ ከወንበሩ ላይ ሆነው ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ የኖራ ጠብታ አለ። «ሂጂ ልጄ፣ እንዳያመልጥሽ። ለነሐሴ ተመለሱ፤ ከፔትራቅ ጋር አብራችሁ ትበላላችሁ።» ከጣሪያው ሥር ያልደረሱበት ቦታ ነበርና ብሩሹን ይዘው ተንጠራሩ። ወንበሩ ተንገጫገጨ።

«ሚርጀታ፣ ሹፌሩ ጥሎን ሊሄድ ነው» የሚለው የጌንት ድምፅ ከታች መጣ።

ሚርጀታ በሩ ላይ ቆማለች፤ የሻንጣዋ ማንገቻ ትከሻዋን ይቆርጣታል። ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም። ከጀመረች በኋላ ምን እንደሚመጣም አታውቅም። ማንገቻውን ከትከሻዋ አወለቀች፣ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሄዳም ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችላቸው።

«እማማ» አለች፣ «መጀመሪያ ይውረዱ።»